በቡና ገለባ እንጉዳይ ማምረት፦ ለጅማ ቤት የሚሆን አሠራር

በዓለም ላይ በጣም ከሚፈለጉ እንጉዳዮች አንዱ ማትሱታኬ ይባላል። ከፓይን ዛፍ ሥር ነው የሚበቅለው። ጃፓኖች በመኸር ወራት ከቀይ ፓይን ሥር ቅጠሉን እየገለጡ ይለቅሙታል። ሽታው ቀረፋ ቀረፋ ይላል። ጥሩ ጥሩው በኪሎ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል።

ይህን ያህል ከተወደደ ለምን አያመርቱትም? ብዙ ተሞክሯል። ግን እስከ ዛሬ ለገበያ በሚበቃ መጠን በእርሻ ያወጣው የለም። ምክንያቱ አኗኗሩ ነው። ማትሱታኬ ከቆመ ዛፍ ሥር ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ዛፉ ስኳር ይሰጠዋል፤ እሱ ደግሞ ከአፈሩ ውሃና ማዕድን ስቦ ለዛፉ ያቀብላል። ዛፉ ከሞተ እሱም አለቀለት። ጃፓን ውስጥ ፓይን የሚያደርቅ ጥቃቅን ትል ከተስፋፋ ወዲህ ምርቱ ክፉኛ ወርዷል። በፈረንጆቹ 2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ከተጋለጡ ዝርያዎች ጋር መዝግቦታል።

ይህን ያነሳሁት እንጉዳይ ለማምረት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ይህን ልዩነት ማወቅ ስላለበት ነው። ከቆመ ዛፍ ጋር የሚኖሩ እንጉዳዮች አሉ። የሞተ እንጨት፣ ጭድና ገለባ የሚበሉም አሉ። የመጀመሪያዎቹ ጫካ ውስጥ ይቅሩ። ሁለተኛዎቹን ግን ቤት ውስጥ፣ በፌስታል ማሳደግ ይቻላል። ከእነሱ ውስጥ ለጀማሪ የሚመቸው ኦይስተር ነው። ነጭ ወይም ግራጫ፣ ማራገቢያ የመሰለ ቅርጽ ያለው፣ በዘለላ የሚወጣ እንጉዳይ ነው።

ጅማ ላለ ሰው ደግሞ የዚህ እንጉዳይ ምግብ በየመፈልፈያው ደጃፍ ተከምሯል። ከማና እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ እስከ ጌራ፣ ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና) በተፈለፈለ ቁጥር ገለባ ይቀራል። ግማሹ ይቃጠላል፤ ግማሹ እዚያው ይበሰብሳል። ይህን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ እራት የሚሆን ነገር ነውና።

ከፓይን ደን የሚለቀመውስ?

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። ተክለን ባሳደግናቸው የፓቱላ (አንዱ የፓይን ዓይነት) እና የፈረንጅ ጥድ ደኖች ውስጥ ዝናብ ሲጠግብ እንጉዳይ ብቅ ማለቱ አይቀርም። አንዳንዱ ሲያዩት ያምራል። እባካችሁ አትልቀሙት።

አያቶቻችን የሚለቅሙትን የአገሩን እንጉዳይ ያውቁታል፤ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ እውቀት ነው። ፓይን ግን የአገራችን ዛፍ አይደለም። ከውጭ ሲመጣ ከሥሩ ጋር የሚኖሩ እንጉዳዮችም አብረውት ይመጣሉ። ስለዚህ ከፓይን ሥር ለሚወጣው እንጉዳይ ያ የቆየ እውቀት አይሠራም። አንድ የአገሩን እንጉዳይ ጠንቅቀው የሚያውቁ እናት እንኳ የፓይኑን ላያውቁት ይችላሉ። በደቡብ አፍሪካ ከአውሮፓ በመጡ የኦክ ዛፎች ሥር በዓለም ላይ ብዙ ሰው የገደለው አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለው መርዘኛ እንጉዳይ አብሮ ገብቶ ተገኝቷል።

ይህ መርዝ መጥፎ ጸባይ አለው። የበላው ሰው ወዲያው አይታመምም። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ድረስ ምንም ላይሰማው ይችላል። ከዚያ ማስመለስና ተቅማጥ ይጀምረዋል። ቀጥሎ የተሻለው ይመስላል፤ በዚያ መሐል ግን ጉበቱ እየተጎዳ ነው። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት አያድንም፤ መርዙ በእሳት አይጠፋም። ሽንኩርት ጨምሮ ቀለሙን ማየት፣ የብር ማንኪያ መንከር፣ ከብት ወይም ጦጣ በልቶታል ማለት፣ ሁሉም ዋስትና አይሆኑም። ሰው በልቶ ከሆነ ምልክት ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዱት። የተረፈ እንጉዳይ ካለም በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ቤቱ እንጉዳይ።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ኪሎ ደረቅ ገለባ ይበቃል። ከዚያ በላይ አትጀምሩ። 10 ኪሎ ደረቅ ነገር ውሃ ሲጠጣ ወደ 28 ኪሎ ይሆናል። ሁለት ሁለት ኪሎ የሚይዙ 14 ከረጢቶች ይወጡታል ማለት ነው። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው፦

– የቡና ገለባ እና አብሮት የሚደባለቅ ጭድ ወይም የተከተከተ የበቆሎ ቆሮቆንዳ
– ክዳን ያለው በርሜል፣ ማገዶና የጆንያ ከረጢት
– ጠንከር ያለ ነጭ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ክር ወይም ላስቲክ
– ከ1 ኪሎ ከግማሽ የማያንስ የእንጉዳይ ዘር
– ሳሙና፣ በረኪና፣ 70 ፐርሰንት አልኮል፣ የአፍ መሸፈኛ
– በጉም መልክ የሚረጭ የእጅ መርጫ

ገለባው ደረቅ መሆን አለበት። እፍኝ ይዛችሁ አሽትቱት። የደረቀ ፍሬ ሽታ ካለው ጥሩ ነው። የሻገተ ሽታ ከሸተታችሁ፣ ወይም ስትበትኑት አረንጓዴ አቧራ ካነሳ ተዉት። ዝናብ ሲመታው የከረመ ክምር ውስጥ ሻጋታው ቀድሟችሁ ገብቷል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ መፈልፈያዎቹ ሥራ ሲበዛባቸው ትኩሱን በጆንያ አስሞልቶ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል። ከእርጥብ ቡና ማጠቢያ የሚወጣው ልጣጭ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ቀን ይኮመጥጣል። ለጀማሪ አይመከርም።

የቡና ገለባ ብቻውን ሲታጨቅ አየር ያጣል። ግማሽ በግማሽ ከጤፍ ጭድ ወይም በትንንሹ ከተሰበረ ቆሮቆንዳ ጋር አደባልቁት። ቆሮቆንዳ በተለይ ጥሩ ነው፤ ውሃ ይይዛል፣ ክፍተትም ይፈጥራል።

የቤት ዕቃ ቤቶች ሰጋቱራ በነፃ ይሰጣሉ። የጅማ በርጩማ የሚሠራበትን የዋንዛ ሰጋቱራ ካገኛችሁ ጥቂት መጨመር ይቻላል። የፓይንና የፈረንጅ ጥድ ሰጋቱራ ግን አይሁን። ሙጫው ኦይስተርን አያሳድገውም። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካውንም እንዲሁ ተዉ።

ዘሩ

የእንጉዳይ ዘር የሚባለው በስንዴ ወይም በማሽላ ፍሬ ላይ ያደገ ነጭ ድር ነው። በጠርሙስ ወይም በፕላስቲክ ይሸጣል። ዩኒቨርሲቲ ወይም የግብርና ምርምር ማዕከል አካባቢ የሚሠራ የምታውቁት ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት። ካልሆነ ከአዲስ አበባ ይመጣል።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ዘሩ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አትርሱ። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ከመታው ወይም ሞተር አጠገብ ከተቀመጠ ይሞታል። በካርቶን ሆኖ፣ ካርቶኑ ተበስቶ፣ የሚያመጣው ሰው እግር ሥር ይሁን። ስትቀበሉ በብርሃን አገላብጣችሁ እዩት። ፍሬው ሁሉ በነጭ ድር ተሸፍኖ መያያዝ አለበት። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ፣ ከታች የተጠራቀመ ቢጫ ውሃ፣ የኮመጠጠ ሽታ ካለው መልሱት። ገንዘቡ ቢያሳዝንም መጥፎ ዘር ማገዶውንም ድካሙንም ይበላል። ፍሪጅ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ በረዶ የሚሠራው ክፍል ግን አይግባ።

መዘፍዘፍና መቀቀል

ሥራው የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በኋላ የሚደረገው ውሃ መርጨትም ሆነ እንክብካቤ በደንብ ያልተቀቀለ ገለባን አያድነውም። ገለባ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሻጋታ አለ፤ ሁሉም ከእናንተ ዘር ፈጣን ነው። የመቀቀሉ ዓላማ እነሱን አዳክሞ ለዘራችሁ ቀዳሚነት መስጠት ነው።

ገለባውንና ጭዱን ማታ በንጹህ ውሃ ዘፍዝፉ። ጠዋት ውሃው ጥቁር ቡና መስሎ ታገኙታላችሁ። ድፉት። ገለባው ውስጥ ካለው ካፌይንና ታኒን ከፊሉ በዚህ ይወጣል፤ ሁለቱም ሲበዙ የድሩን እድገት ያዘገያሉ። የተደፋው ውሃ ወደ ወንዝ አይሂድ። የቡና ተረፈ ምርት ጅረቶቻችንን ምን እንዳደረጋቸው የምታውቁት ነው። ጓሮ አፈር ላይ ይፍሰስ።

ከዚያ ገለባውን በጆንያ ሙሉት፣ አፉን እሰሩና በርሜል ውስጥ ክተቱት። ውሃ ሙሉበት። ጆንያው እንዳይንሳፈፍ ንጹህ ድንጋይ ጫኑበት። እሳቱን አቀጣጥሉ። ውሃው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ ሰዓት ያዙና ለሁለት ሰዓት በዚያው ሙቀት አቆዩት። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ እንፋሎቱ እየወጣ፣ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን አረፋ እየታየ፣ ግን ገና ሳይንተከተክ ያለው ሙቀት ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ስለምታልፍ ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ትንሽ ጊዜ ቢንተከተክ ችግር የለውም። ከ60 በታች እንዳይወርድ ነው መጠንቀቅ። እሳቱን ትቶ ገበያ መሄድ አይቻልም፤ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

ሲያበቃ ጆንያውን አውጥታችሁ ንጹህ ቦታ ላይ ስቀሉት። ውሃው ይንጠባጠብ። ማታውን ሙሉ ቢያድር ደህና ነው፤ ግን በንጹህ ፕላስቲክ ወይም ሸራ ይሸፈን።

ጠዋት በታጠበ እጅ እፍኝ ገለባ ያዙና ጠንክራችሁ ጨብጡ። በጣቶቻችሁ መሐል አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ውሃው ከፈሰሰ ገና ይንጠፍ። ምንም ካልወጣና እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ደርቋል፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይረጭበት። ይህን የጭብጥ ፈተና አትዝለሉት። ውሃ የበዛበት ከረጢት ከታች ይኮመጥጣል፤ ድሩ እዚያ አይወርድም።

ሙቀቱም ይታይ። ገለባው መሐሉ ድረስ ቀዝቅዞ ከእጃችሁ ሙቀት በታች መሆን አለበት። ትኩስ ገለባ ላይ የተዘራ ዘር ወዲያው ይሞታል።

መዝራት

ነፋስ የሌለው ክፍል ምረጡ። መስኮቱን ዝጉ። ወለሉንና ጠረጴዛውን በረኪና በገባበት ውሃ ጥረጉ፤ አቧራው እስኪሰክን ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ፀጉራችሁን ሸፍኑ፣ አፋችሁን ሸፍኑ፣ እጃችሁን እስከ ክርን በሳሙና ታጠቡና አልኮል ተቀቡ። አልኮሉ ሳይደርቅ ክብሪት እንዳትነኩ። ልጆች በዚያ ሰዓት ወጣ ገባ አይበሉ።

ዘሩን በከረጢቱ ውስጥ እንዳለ በእጅ አሽታችሁ ፍሬ ፍሬውን አላቁት። ከዚያ ባዶውን ከረጢት ያዙና ከታች አራት ጣት ያህል ገለባ ጨምሩ። በላዩ ዘር በትኑ፤ ይበልጡን ጠርዝ ጠርዙን። እንደገና ገለባ፣ እንደገና ዘር። እያንዳንዱን ድርብ በእጅ ጀርባ ጫን ጫን አድርጉት። ልል ከሆነ ድሩ መሻገሪያ ያጣል፤ እንደ ድንጋይ ከታጨቀ ደግሞ አየር የለውም። ከላይ በዘር ጨርሱና አፉን አጥብቃችሁ እሰሩ። ለአንድ ሁለት ኪሎ ከረጢት 100 ግራም ያህል ዘር፣ ማለትም ሁለት እፍኝ ገደማ ይሂድ። ዘር መቆጠብ ለጀማሪ አያዋጣም፤ ዘሩ በበዛ ቁጥር ሻጋታውን ይቀድመዋል።

በመጨረሻ በአልኮል በተጠረገ ሚስማር ዙሪያውን አሥር አሥራ ሁለት ቦታ ብሱት። ቀኑን ከረጢቱ ላይ ጻፉ።

ድሩ እስኪሞላ

አሁን ሥራው መጠበቅ ነው። ከረጢቶቹን ጨለም ባለ ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። ውሃ አይረጭም። አይከፈትም። ድሩ የሚወደው ሙቀት ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ነው፤ የጅማ ቀን ለዚህ ልኩ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ወይም ጆንያ ጣል አድርጉበት። ከረጢቶቹ አይነባበሩ። ድሩ ሲያድግ የራሱን ሙቀት ያመነጫል፤ በመሐላቸው አራት ጣት ክፍተት ይኑር።

ሦስትና አራት ቀን ላይ ከፍሬዎቹ ዙሪያ ነጭ ጭገር ይታያል። ከዚያ ቀስ በቀስ ገለባውን እያለበሰ ይወርዳል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ነጭ ይሆናል። በጣት ስትነኩት ጠጠር ይላል፤ ቢሸት እንኳ የጫካ አፈር ሽታ ነው።

በየሁለት ቀኑ በባትሪ እያበራችሁ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። አረንጓዴ ከታየ ትራይኮደርማ የሚባል ሻጋታ ነው። ያንን ከረጢት ሳትከፍቱ ከክፍሉ አውጡና ራቅ ብላችሁ ቅበሩት። እጃችሁን ሳትታጠቡ ወደ ሌሎቹ አትመለሱ። ቆሮቆንዳ ያለበት ላይ ደግሞ ብርቱካናማ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ሊመጣ ይችላል። እሱ ይበልጥ ያስፈራል፤ ትንሽ ሲነካ ዱቄቱ በአየር ይበተናል። ከማንሳታችሁ በፊት እርጥብ ጨርቅ አልብሱት፣ በሌላ ፌስታል ጠቅልሉት፣ ከዚያ አውጡት። ከ14 አንድ ሁለቱ ቢበላሽ ተስፋ አትቁረጡ። ግማሹ ከተበላሸ ግን ችግሩ መቀቀሉ ላይ ወይም ገለባው ላይ ነው፤ ወደዚያ ተመለሱና አስተካክሉ።

ማስወጣት

ከረጢቱ ነጭ ሲሆን ክፍሉ ይለወጣል። እስከ አሁን ሙቀትና ጨለማ ነበር የሚፈልገው። አሁን ብርሃን፣ ንጹህ አየር፣ እርጥበትና ትንሽ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ጋዜጣ ለማንበብ የሚበቃ ብርሃን ይበቃዋል፤ ፀሐይ ግን በቀጥታ አይንካው። ከሳጠራ የተሠራ፣ ከውስጥ በጆንያ የተሸፈነ ትንሽ ጎጆ ዛፍ ጥላ ሥር ቢሆን በጣም ጥሩ ነው። በርና መስኮቱን በትንኝ መረብ ሸፍኑ፤ ጥቃቅን ዝንቦች ድሩን ይበሉታል።

በአልኮል በተጠረገ ምላጭ እያንዳንዱ ከረጢት ላይ አራት ቦታ፣ ሁለት ጣት የሚያህል የመስቀል ቅርጽ ቅደዱ። ስቀሉት ወይም መደርደሪያ ላይ አቁሙት። ግድግዳው ላይ ያሉትን ጆንያዎች አርጥቡ፣ ወለሉን ውሃ አጠጡ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አየሩ ላይ በጉም መልክ እርጩ። በክረምት ጅማ ራሷ ግማሹን ትሠራላችኋለች፤ አንድ ጊዜ መርጨት የሚበቃበት ቀን አለ። በበጋ ግን ቀትር ላይ መዘንጋት አይገባም።

ከአምስት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ቅዳዱ ላይ የክብሪት ራስ የሚያካክሉ ግራጫ ቡቃያዎች ይወጣሉ። እነሱ ላይ በቀጥታ ውሃ አትርጩ፤ ቢጫ ሆነው ይቀራሉ። ከዚህ በኋላ በየቀኑ እጥፍ እያደጉ ይሄዳሉ።

እንጉዳዩ ራሱ የጎደለውን ይነግራችኋል። እግሩ ረጅምና ቀጭን፣ ቆቡ ትንሽ ከሆነ አየር አጥሮታል፤ በሩን ከፈት ከፈት አድርጉለት። የቆቡ ጠርዝ ከደረቀና ከተሰነጠቀ እርጥበት አንሶታል። ቆቡ ላይ ውሃ ካቆረና ከለጠለጠ ውሃ በዝቷል። እዚያው ክፍል ውስጥ ከሰል አይቀጣጠል፤ ቡናችሁን ሌላ ቦታ አፍሉ። የከሰል ጭስ እንጉዳዩን ያበላሸዋል፤ ዝግ ክፍል ውስጥ ለእናንተም አደገኛ ነው።

መልቀም

ቡቃያው በወጣ በአምስት እስከ ሰባት ቀን ይደርሳል። የቆቡ ጠርዝ ወደ ታች እንደታጠፈ ልቀሙት። ጠርዙ ከተዘረጋና ወደ ላይ መገልበጥ ከጀመረ አልፎበታል። ያኔ ከሥር ባለው ወለል ላይ ነጭ ዱቄት ታያላችሁ። እሱ የእንጉዳዩ ብናኝ ነው። ብዙ ከተነፈሰ ሳንባ ያስቆጣል፤ ብዙ ከረጢት ያለው ሰው ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ሁልጊዜ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።

ሲለቀም አንድ በአንድ አይቆረጥም። ዘለላውን ከሥሩ ያዙና ጠምዘዝ አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ አውጡት። የቀረውን ቁራጭ በንጹህ ቢላ አጽዱት፤ ቁራጩ ከበሰበሰ ሻጋታ ይጠራል። ለሦስት ቀን ውሃ መርጨቱን አቁሙና አሳርፉት። ከዚያ እንደገና ጀምሩ። ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ውስጥ ሁለተኛው ዙር ይመጣል፤ ቀጥሎ ሦስተኛው። የመጀመሪያው ዙር ብዙውን ይሰጣል፤ ሦስተኛው ያንሳል። ለጀማሪ ከ10 ኪሎ ደረቅ ገለባ በሦስቱም ዙር አምስትና ስድስት ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ ጥሩ ውጤት ነው። እጃችሁ ሲፈታ ይጨምራል።

ለዐቢይ ጾም ማድረስ ለሚፈልግ ሰው ስሌቱ ቀላል ነው። ከመዝራት እስከ መጀመሪያው ለቀማ ስድስት ሳምንት ያዙ። ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ አንድ ጊዜ የተዘራው ሦስቱም ዙር ጾሙ ውስጥ ይገባል። ሆቴሎች እንጉዳይ አጥብቀው የሚፈልጉትም ያኔ ነው። ግን ምርቱ ሳይደርስ ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ የተለቀመ እንጉዳይ ገዢ እስኪገኝ አይጠብቅም። ጎረቤት ደግሞ መጀመሪያ ቀምሶ ነው የሚገዛው። እንጉዳይን ሁሉ የጅብ ጥላ ብሎ የሚሸሽ ሰው ብዙ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ከረጢቱን አሳዩት፣ ገለባውን አሳዩት፣ ፊቱ አብስላችሁ ቀድማችሁ ብሉ።

ማቆየትና ማብሰል

በፌስታል አትቋጥሩት፤ ያልበዋል፤ በማግስቱ ይሸታል። በወረቀት ወይም በሰፌድ ይቀመጥ። ፍሪጅ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይቆያል። ለማድረቅ በእጅ በቁመቱ ቀድዳችሁ ወንፊት ላይ በተኑትና ከላይ በነጠላ ጨርቅ ሸፍናችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ሲሰብሩት ቀጭ ሲል ደርቋል። አሥር ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ ሲደርቅ አንድ ኪሎ ገደማ ነው የሚሆነው፤ ዘጠና በመቶው ውሃ ነው።

ጥሬውን አትብሉት። ውሃ ውስጥም አትዘፍዝፉት፤ ለቅለቅ ይበቃዋል። ጥብስ ስትሠሩ መጥበሻውን በደንብ አግሉና እንጉዳዩን ያለ ዘይት ጣሉበት። መጀመሪያ ውሃውን ይለቃል። ውሃው ጠፍቶ መጥበሻው ሲጮኽና ጠርዙ ሲቀላ ያኔ ዘይት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ይግቡ። ቃሪያውና የጥብስ ቅጠሉ በመጨረሻ፤ ጨውም እንዲሁ። ብዙ ሰው ዘይቱን አስቀድሞ ስለሚጨምር ነው እንጉዳይ ላስቲክ ላስቲክ የሚለው። በትኩስ እንጀራ ጠቅልላችሁ ብሉት።

ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ከረጢቱ ይቀልላል፣ ይጨማደዳል፣ ቡናማ ይሆናል። ፕላስቲኩን ለዩት። ገለባውን ከአፈርና ከከብት እበት ጋር ደርባችሁ ከእንጉዳይ ክፍሉ ቢያንስ ሃያ እርምጃ ርቆ ከምሩት፤ ዝንቦቹ እዚያው ይቅሩ። በየሁለት ሳምንቱ ይገላበጥ። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ለጎመኑም፣ ለእንሰቱም፣ ለቡናው ችግኝም ብስባሽ ይሆናል።